ስለ ክፍያ ቀን፦ ከዱቤ ደብተሬ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለወረዳችን የምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ጉዳዩ ለሚነካው ሁሉ
ጉዳዩ፦ የሴፍቲኔት ክፍያ ቀን ቀድሞ እንዲነገረን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

እኔ ባለሱቅ ነኝ። መንዝ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ በሚቆምባት ትንሽ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው ሰማያዊ በር የእኔ ናት። ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ደብተር፣ ሻማ፣ የባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። የወረዳውን ስም አልጻፍኩም። እናንተ ታውቁታላችሁ። ሌላው አንባቢ የራሱን ወረዳ ስም ቢያስገባበትም ብዙ የሚያጣላን አይመስለኝም።

በሬ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አትመኑት። ዱቤ አለ። እዚህ አገር ዱቤ የማይሰጥ ሱቅ ሐምሌና ነሐሴን ዘግቶ ቢተኛ ይሻለዋል። ከባንኮኒው ሥር ሦስት ባለ 50 ሉክ ደብተሮች አሉኝ። ይህን የምጽፈው እነሱን እያገላበጥኩ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ጥቅም አለኝ። የሴፍቲኔት ብር፣ በየዓመቱ ለሚቸገሩ ቤተሰቦች በመንግሥት በኩል የሚሰጠው ድጋፍ፣ ሲለቀቅ ሱቄ ይደምቃል፤ ሲዘገይ እኔም እከስራለሁ። ስለዚህ «ባለሱቋ ለራሷ ነው የምትጮኸው» የሚል ሰው ቢኖር ግማሽ እውነት አለው። ሌላውን ግማሽ ልንገራችሁ።

እኔ ራሴ የሴፍቲኔት ልጅ ነኝ።

ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ በፊት የነበረውን አስታውሳለሁ። በልጉ ይቀራል። ወይም ገብሱን ውርጭ ይመታዋል። አቤት ይባላል። አቤቱታው ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ላይ ሲሄድ ወራት ያልፋሉ። ከዚያ ከባሕር ማዶ መርከብ ይነሳል። ስንዴው እኛ ዘንድ ሲደርስ በሬው ተሽጧል፣ አባወራው ለቀን ሥራ ቆላ ወርዷል፣ ልጅ ከትምህርት ቀርቷል። ሴፍቲኔት የመጣው ይህን ለመለወጥ ነው አሉን። በየዓመቱ የሚቸገር ሰው መቸገሩ አስቀድሞ ይታወቃል፤ እንግዲያው እርዳታውም አስቀድሞ የሚታወቅ ይሁን ነው ነገሩ። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ያኔም ወደድነው። ዛሬም የምጠይቀው ያንኑ እንጂ አዲስ ነገር አይደለም።

ቤታችን አራት ነፍስ ነበር። ለአንድ ሰው በወር 5 የሥራ ቀን፣ ለአንዱ ቀን 6 ብር። እናቴና ታላቅ ወንድሜ ተጋግዘው በወር 20 ቀን እርከን ይሠሩ፣ ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። 120 ብር ይሆናል። ያ 6 ብር የተቆረጠው 3 ኪሎ እህል ይግዛ ተብሎ ነው።

እናቴ የመጀመሪያውን ክፍያ የተቀበለችበት ቀን ትዝ ይለኛል። ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። መደብ ላይ ተቀምጣ ፈታችው፣ ቆጠረችው፣ መልሳ ቋጠረችው። ትንሽ ቆይታ እንደገና ፈታችው። እህቴ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። «ይሄ የጨው፣ ይሄ የወፍጮ፣ ይሄ የደብተር፣ ይሄ ደግሞ አይነካም» እያለች አራት ቦታ ደረደረችው። የማይነካው እየተጠራቀመ በዓመቱ አንዲት ሴት ግልገል ሆነ። እኔ ስለ ገንዘብ እርዳታ ስሰማ የሚታየኝ ያ መደብ ላይ የተደረደረ ብር ነው።

ስንዴን እንዲያ መደርደር አይቻልም። የተራበ ሰው ስንዴ ሲሰጡት ያመሰግናል፣ እኛም አመስግነናል። ግን 50 ኪሎ ጆንያ ከወረዳ ከተማ እስከ ቤት በራሱ እግር አይሄድም። አህያ ይከራዩለታል። የአህያው ኪራይ በስንዴ ይከፈላል። የወፍጮውም በስንዴ ነው። ለጨውና ለሳሙና ደግሞ የተወሰነው ይሸጣል። ሻጩ ማነው? ሁሉም ነው፤ ሁሉም የተቀበለው በአንድ ቀን ነዋ! ገዢው ማነው? ሁለት ነጋዴ። ዋጋውን ማን እንደሚቆርጠው አልነግራችሁም። እናቴ በርካሽ የሸጠችውን ስንዴ ከሁለት ወር በኋላ በውድ መልሳ ስትገዛ አይቻለሁ።

ብሩንም ግን አላመልከውም። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ የቀን ክፍያው ከ6 ወደ 8 ብር ከፍ አለ። 8 ብሩም 3 ኪሎውን መግዛት አቃተው። እናቴ ያኔ ቀበሌ ሄዳ «ብራችሁ ይቅርብኝ፣ ስንዴዬን መልሱልኝ» ብላለች። ብቻዋን አልነበረችም። በዚያ ጊዜ ፕሮግራሙን ያጠኑ ተመራማሪዎችም ብር ብቻ የሚቀበሉ ቤተሰቦች እህል ወይም እህልና ብር ቀላቅለው ከሚቀበሉት ወደ ኋላ መቅረታቸውን ጽፈዋል። ስለዚህ «ጥሬ ገንዘብ ይሻላል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ስንት? መቼ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ስንት የሚለው ከላይ የሚወሰን ነው። ብሩ የገበያውን ዋጋ እየተከተለ ካልተስተካከለ እንደ ጨው ይሟሟል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፤ ዘይትና ሳሙና የማመጣበት ዋጋም አብሮ ተነሳ። ይህን ለእናንተ አላመጣም። ደመወዛችሁም እንደ ሴፍቲኔት ተቀባዮቹ ብር ሟሟ እንጂ እናንተ አልጨመራችሁትም። መቼ የሚለው ግን ቢያንስ ግማሹ ያለው እናንተ ቢሮ ውስጥ ነው። ደብዳቤዬም ስለ መቼ ነው።

ከደብተሬ አንድ ገጽ ላሳያችሁ። ስም አልጠራም፤ ባለ በጓ እንበላት። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት አልፎታል። ሦስት ልጆች አሏት። በሬ ስለሌላት መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ታሳርስ ነበር። በጥር ክፍያው በሰዓቱ ገባላትና አንድ ጠቦት ገዛች። አሰበችበት። ቀልባ ለእንቁጣጣሽ ልትሸጠው፣ ከዚያ ላይ የልጆቹን ዩኒፎርም ልትገዛ፣ በተረፈው ሴት በግ ልታስገባ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እዚሁ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ ነው። በጣቷ እየቆጠረች።

ከዚያ የሰኔው ክፍያ «በዚህ ሳምንት ነው» ተባለ። ቀጥሎ «በሚመጣው»። ቀጥሎ «ሲስተም የለም»። ገጹ እንዲህ ይላል፦

ሰኔ 24፦ ጨው፣ ሳሙና።
ሐምሌ 5፦ ዘይት ግማሽ ሊትር፣ ክብሪት።
ሐምሌ 12፦ ጨው፣ ሻማ 2።
ሐምሌ 19፦ ብስኩት 1 (ለትንሹ)።
ሐምሌ 28፦ ምንም አልወሰደችም።

የመጨረሻውን መስመር ለምን እንደጻፍኩት እኔም አላውቅም። ዱቤ አይደለም፣ አይሰበሰብም። ገባች፣ ቆመች፣ የዝናቡን ነገር አወራችኝ፣ ወጣች። ጨምራ መበደር አፍራ እንደሆነ የገባኝ ማታ ነው።

እዚህ ላይ ስለ በግ ገበያ ትንሽ ልበል፤ በወረዳ ስብሰባ ላይ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ይገባል። አገር ይፆማል፣ ሥጋ የሚገዛ የለም፣ የበግ ዋጋ ይወድቃል። ነሐሴ 16 ፆሙ ይፈታል። ከዚያ ጀምሮ ለእንቁጣጣሽ የሚገዛው ነጋዴ ከደብረ ብርሃንም ከአዲስ አበባም ይመጣል፤ ዋጋው በየገበያው ይወጣል። ይህን የመንዝ ሕፃን ያውቀዋል። ባለ በጓም አሳምራ ታውቀዋለች። ግን ነሐሴ 4 ቀን ቤቷ ውስጥ የሚቀመስ አልነበረም። ጠቦቱን እየጎተተች በሱቄ በር አለፈች። ቀና ብላ አላየችኝም። 3,000 ብር ሸጠችው። ያንኑ የሚያህል በግ በጳጉሜን 5,000 ብር ሲጠራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ብሩ መስከረም 9 ቀን ገባ። ሙሉውን። አንድ ብር አልጎደለም። በእናንተ ሪፖርት ይህች ሴት የሚገባትን ሁሉ ተቀብላለች፤ ሪፖርቱም ልክ ነው። በእኔ ደብተር ደግሞ 2,000 ብር ጎድሏታል። ሐምሌ ላይ ከሌላ ሰው የተበደረችው አለ፤ በመቶ ብር በወር አሥር ብር የሚታሰብ። እሱ በእኔም ደብተር የለም። ዩኒፎርሙ ቀረ። ትልቁ ልጅ እስከ ኅዳር በአሮጌ ሹራብ ተማረ። ሴት በጓም ቀረች።

በቀጣዩ ዓመት ነገሩ ተገላበጠ። የሰኔው ክፍያ በሰኔ ገባ። እንዴት እንደተሳካ አላውቅም፤ የደከመበት ሰው ካለ እግዜር ይስጠው። ሴትየዋ የዚያን ዓመት በጓን እስከ ጳጉሜን አቆየች። በዓመቱ ሴት በግ ገባች፣ ወለደች። ዘንድሮ ደግሞ መሬቷን ለእኩል አልሰጠችም። በሬ ተከራይታ፣ አራሽ ቀጥራ፣ ገብሱንም ባቄላውንም ሙሉውን ወደ ቤቷ አስገባች። የብሩ መጠን በሁለቱ ዓመት ያው ነው። ሰዎቹ ያው ናቸው። የተለወጠው የካላንደሩ ገጽ ነው።

በነሐሴ ሱቄን ብታዩት መደርደሪያው ሙሉ ነው። ወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው እህል ነጋዴም ጆንያው እስከ ጣሪያ ነው። የሚራበው ሰው በሁለታችን መሃል ባለው መንገድ ላይ ያልፋል። ይህ ነገር ድሮ እንቆቅልሽ ይሆንብኝ ነበር። በኋላ ስለ ወሎ ረሃብ ሳነብ ገባኝ። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያልቅ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚጫን እህል ነበር። ይህን ያሳየው ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን ነው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው። ከብቱ አልቆ፣ ሥራው ጠፍቶ፣ ገበሬው መግዣ አጣ። ዋጋ የሚወደደው ገዢ ሲኖር ነዋ። ደሴ ከእኛ ሩቅ አይደለችም። የሴንን ስም ባላውቅም ነገሩን ከባንኮኒዬ ላይ በየክረምቱ አየው ነበር።

እሺ፣ አሁን ወደ አረቄው እንምጣ። መቼም ሳይነሳ አይቀርም። «ብር ብትሰጧቸው አረቄ ይጠጡበታል» የሚለውን ነገር ከእናንተ ባለሙያም፣ ከቄስም፣ ከራሴ ወንድምም ሰምቻለሁ። የሚጠጣ የለም አልልም። በክፍያ ቀን ከሱቄ በላይ ካለችው አረቄ ቤት ከረፋድ ጀምረው የማይወጡ ሰዎች አውቃለሁ። ሁለት ናቸው። ክፍያ ባይኖርም ከዚያው አይጠፉም። የቀሩት ሁሉ ወፍጮ፣ ጨው፣ ዕዳ፣ ደብተር፣ በግ እያሉ ሲሮጡ ነው የሚውሉት። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከተለያዩ አገሮች የተሠሩ 19 ጥናቶችን ሰብስበው ይህንኑ መርምረዋል። ገንዘብ የተሰጠው ድሃ ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጣው እንደማይጨምር ነው ያገኙት። ገርሞኝ አያውቅም። 120 ብር አራት ቦታ የምትደረድር እናት ልጅ ነኝ።

ይልቅ የገረመኝ የኬንያው ነው። እዚያ ጊቭዳይሬክትሊ የሚባል ድርጅት በሲያያ አውራጃ ከ10,000 ለሚበልጡ ድሃ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ገደማ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ሰጠ። ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታተሉት። መጀመሪያ ያዩት ብሩ ያልደረሳቸውም ጎረቤቶች ገቢያቸው መጨመሩን ነው፤ አንዱ ዶላር በአካባቢው ገበያ ተሽከርክሮ ከሁለት ዶላር በላይ ሥራ ሠርቷል። የሸቀጥ ዋጋ ደግሞ የጨመረው በጣም በጥቂቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የወጣው ጥናት ግን ሌላ ነው። ብሩን ባገኙት ቤቶች ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ለውጡ የታየው ብሩ በወሊድ ሰሞን ለደረሳቸው እናቶች ነው። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ከከባድ ሥራ አረፉ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው ወለዱ። ያው ብር ልጁ ከተቀበረ በኋላ ቢደርስ ምን ይሠራል? አያችሁ፣ አሁንም መቼ ላይ ነን።

የእኛም መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ከጉልበት ሥራው ወጥታ ክፍያው እንዳይቋረጥባት ይላል። ይህ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ሳይሠራም አይቻለሁ። የዛሬ ደብዳቤዬ ስላልሆነ አልፈዋለሁ። ማን ተመለመለ፣ ማን ቀረ፣ የማን ዘመድ ገባ የሚለውንም እንዲሁ። እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ሻይም ይፈልጋል።

ያ የኬንያው «ተሽከርክሮ» የሚለው ነገር ግን አልለቀቀኝም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁና። ባለፈው ክፍያ ቀን አንዲት ደንበኛዬ ዱቤዋን ስትከፍል የሰጠችኝ ባለ 200 ብር ኖት ጥግ ላይ የእርድ እድፍ ነበረበት። ቢጫ፣ የአውራ ጣት ቅርጽ ያለው። ብሩ አዲስ ሆኖ በዚያ መቆሸሹ አሳዘነኝና ልብ አልኩት። ከሰዓት በኋላ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት የነበረብኝን ስከፍል እሱን ሰጠሁት። እሱ ለክረምት ባና ሊገዛ ወደ ገበያ ወረደ። ማታ ልዘጋ ስል ባና ሻጯ ለልጇ ደብተርና እስክሪብቶ ልትገዛ ገባች። መሐረቧን ስትፈታ ያው ቢጫ አውራ ጣት። ሳቅሁ። ሴትየዋ የሳቅሁባት መስሏት ተቆጣች፤ ነገሩን ሳስረዳት እሷም ሳቀች። በአንድ ቀን ዱቤ ከፈለ፣ ወፍጮ አስፈጨ፣ ባና ገዛ፣ ደብተር ገዛ፤ ተመልሶ ከእኔው ጋር አደረ። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች በሴፍቲኔት መዝገብ ላይ ስሟ ያለው የመጀመሪያዋ ብቻ ናት።

አሁን ስለ እማሆይ። እማሆይ የቀጥታ ድጋፍ ተቀባይ ናቸው፤ እርከን መሥራት አይችሉም፣ ጧሪም የላቸውም። ቤታቸው ከከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። የሦስት ሰዓት የምለው ለእኔ እግር ነው። ለእሳቸው ሌሊት ተነስተው፣ በመንገድ ሁለት ቦታ አርፈው፣ ረፋድ ላይ መድረስ ነው። ባለፈው ዓመት «ብር ገብቷል» ሲባል ሰምተው መጡ። አልገባም። ተመለሱ። በሳምንቱ ደግሞ ሰው ነገራቸው፣ መጡ፤ ኔትወርክ የለም ተባሉ። ሦስተኛውን ጊዜ ዝናብ ደብድቧቸው ሱቄ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ኩታቸው በጭቃ ተለውሷል። ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው። አላማረሩም። ብቻ «ልጄ፣ ቀኑን ቢነግሩኝ እኮ በቀኑ እመጣ ነበር» አሉ።

ለዚህ የምመልሰው አጣሁ። እናንተ ምን ትመልሱ ነበር?

እማሆይ ብሩን ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ ደግሞ አውቃለሁ፣ ከእኔ ነው የሚገዙት። መጀመሪያ የእድር። ሁልጊዜ መጀመሪያ የእድር ነው። አንድ ጊዜ «እማሆይ፣ አሁን እኮ በልቶ ማደር ይቀድማል» ብላቸው ገላመጡኝ። «እና ማን ይቅበረኝ?» አሉ። ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ። ከዚያ ቡና፣ ትንሽ ጨው። በስንዴው ዘመን የእድሩን ሰው ስንዴ ይዘው ደጁ ይጠኑት ነበር። ዛሬ እንደማንኛውም ሰው ቆጥረው ይከፍላሉ፣ ደረሰኝም ይቀበላሉ። በጥናት ወረቀት ላይ ይህ በምን ዓምድ እንደሚሞላ አላውቅም።

ሰሞኑን በስብሰባ ሁሉ «ከተረጂነት እንውጣ» ይባላል። እንውጣ! ማን ይጠላል? ባለ በጓም መውጣት ትፈልጋለች። ግን እንዴት እንደምትወጣ አይታችኋል፤ በበግ፣ ከዚያ በሬ በመከራየት፣ ከዚያ ሙሉ ገብስ ወደ ቤት በማስገባት። ይህ ዓመታት ይወስዳል። ሴፍቲኔትን የገመገሙ ተመራማሪዎች 5 ዓመት የተረዳ ቤተሰብ 1 ዓመት ብቻ ከተረዳው ይልቅ በዓመት ውስጥ የሚቸገርበት ጊዜ ከ1 ወር በላይ እንደሚያጥርለት አግኝተዋል። አንድ ወር ለደመወዝተኛ ምንም ላይመስል ይችላል። እዚህ አንድ ወር ማለት ነሐሴ ማለት ነው። እና በዓመቱ አንድ በግ የታየባትን ሴት «ተመርቀሻል» ብሎ ከመዝገብ መሰረዝ ምርቃት አይባልም። የአገሬ ሰው «ያስመረቁኝ ሳልማር ነው» ይላል፤ ቀልዱን እናንተም ሰምታችሁት ይሆናል።

ሁሉም ነገር በእጃችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብሩ ከእናንተ ካዝና አይመነጭም። ከለጋሽ ይነሳል፣ ገንዘብ ሚኒስቴር ይደርሳል፣ ክልል፣ ዞን እያለ ይወርዳል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ላልታሰበለት ሰው እየዋለ ነው ብለው የምግብ እርዳታውን በመላ አገሪቱ ሲያቆሙ እናንተም እንደ እኛ ከሬዲዮ ነው የሰማችሁት። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስትዘጋም እንዲሁ። መንገድ ይዘጋል። ባንክ ይዘጋል። ኔትወርክ ለሳምንታት ይጠፋል፤ ያኔ በስልክ ይግባ በባንክ ይግባ ልዩነት የለውም። የእናንተም ሠራተኛ በዚህ ጊዜ ገጠር ወርዶ መመለሱን እርግጠኛ ሳይሆን ነው የሚሄደው። ይህን ሁሉ አይቼ ነው የምጽፈው።

ስለዚህ የማትችሉትን አልጠይቅም። የምጠይቀው ይኸውና።

ብሩ ወረዳ መድረሱን በምታውቁበት ቀን ለየቀበሌው የክፍያ ቀን ቆርጣችሁ ንገሩን። ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢነገር በሁለት ቀን የማይሰማ የለም። ቀኑ ከተበላሸም ተበላሸ በሉን። «አይታወቅም» የሚለውም ቢሆን በወረቀት ተጽፎ ቢለጠፍ እማሆይን ስድስት ሰዓት መንገድ ያድናቸዋል። «በዚህ ሳምንት» አትበሉን፣ በእሱ ነው የተጎዳነው፤ ባለ በጓ ጠቦቷን እስከ ነሐሴ 4 ይዛ የቆየችው በየሳምንቱ እናንተን አምና ነው። ክፍያው እንደሚዘገይ ሰኔ ላይ ብታውቅ ኖሮ ፆሙ ሳይገባ፣ ገበያው ሳይወድቅ በሸጠችው ነበር።

የሰኔው ክፍያ ደግሞ ፍልሰታ ሳይገባ እንዲደርስ ወደ ላይ ጻፉ። እየጻፋችሁ ከሆነም ድገሙት። ከፈለጋችሁ ይህን ደብዳቤ አባሪ አድርጉት። የደብተሬን ገጽ ፎቶ እሰጣለሁ፤ ስሞቹን ሸፍኜ።

ማስታወቂያ መለጠፊያ ቦታ ቸገረን የምትሉ ከሆነ የሱቄ በር አለ። ያን የዱቤ ወረቀት አነሳዋለሁ፤ ድሮም የሚያምነው የለም። ቦታው ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፣ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። ማንበብ ለማይችል እኔ አነብለታለሁ። ሙጫውም ከእኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ባለሱቋ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት